ቀኝ ብቻ የምትዞረው ዲኤክስ

ይቺን መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን አባባል ድሬዳዋ ውስጥ የማይመዛት ሰው የለም። ደህና ሱቁን አፍርሶ ፎቅ ልሠራ ብሎ ሜዳ ላይ ለቀረ ነጋዴ ትተረታለች፤ ለሠርጓ በገዛችው ጫማ መራመድ ላቃታት ሙሽራም ትተረታለች። ከየት መጣች ብለህ ስትጠይቅ ግን አንዱ «የአባቶች ናት» ይልሃል፣ ሌላው «ከጎንደር የመጣች ናት» ብሎ ይምልልሃል። የምን ጎንደር አመጣብኝ! አባባሏ ስትወለድ ከፊቷ ቆሜ ነበር። ሱሪዬ በጀሪካን ውሃ ርሶ፣ ጆሮዬ በጡሩንባ ደንቁሮ ነበር የቆምኩት። ስለዚህ ዝም በሉና እኔን ስሙኝ።

ደረሰ እባላለሁ፣ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እነቅላለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። በዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በእንግዳወርቅ ያላክካል። እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ብሎኑን ያጠበቅሁት ግን በእነዚህ እጆቼ ነው።

ጋሽ ልሳኑ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። አንዲት ሰማያዊ ዲኤክስ ነበረችው፤ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ግን በየቀኑ የምትነዳ መኪና። ሃያ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ እንደወጣች ነው የያዛት። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ሳያስነሳ በፊት ውሃና ዘይቷን ያያል፣ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ መጥቶ ጎማዋን ያስለካል። የጎማዎቿ ብሎኖች ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ አድርጎባቸው ነበር፤ ነጥቡ ቦታውን ከለቀቀ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ሬዲዮዋ አይሠራም። «አስቀይራት እንጂ» ስንለው «መዝፈኛ ሳይሆን መሄጃ ነው የገዛሁት» ይለናል። ወንበር አስለብሳት፣ መስታወት አስጠቁርላት፣ ጭራ አስቀጥልላት ያላለው ሰው የለም። መልሱ አንድ ነው፦

«ፋብሪካው ያልሰጣትን እኔ አልሰጣትም።»

እንስቅበት ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሌላው መኪናውን በሳምንት ሁለት ቀን እያስገፋ እኔ ደጅ ሲመጣ ዲኤክሷ ተገፍታ አይተናት አናውቅም።

ይህን ያስተዋለው አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ጥሩነህ ሰዓት ሠሪው። ሱቃቸው ጋሽ ልሳኑ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ጋሽ ልሳኑ ጡረታ ወጥቶም እንኳ ጠዋት ጠዋት የድሮ ጓደኞቹን ሊያይ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። እና ልክ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በሱቁ ፊት ያልፋል። አቶ ጥሩነህ ይቺን ሰማያዊ መኪና እያዩ ሰዓት ያስተካክሉ ነበር። «እሷ አልፋ ሰዓቴ ገና ከሆነ፣ የተሳሳተው ሰዓቴ ነው» ይላሉ።

ታዲያ የጋሽ ልሳኑ ልጅ ያፌት የአቶ ጥሩነህን ልጅ ሶስናን ወደደ። እሷም ወደደችው። ያፌት አንድ ለእናቱ ነው፤ እናቱ እትዬ ዘነቡ ግን ልጇ አሥር ዓመት ሳይሞላው አርፋለች። ስታጣጥር ለጋሽ ልሳኑ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄን በወግ በማዕረግ ዳርልኝ።» ይህን ቃል ጋሽ ልሳኑ በልቡ ይዞ ነበር የሚኖረው። ስለ ልጁ ጋብቻ በተነሳ ቁጥር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ሽማግሌ ላከ። የተላክነው ሦስት ነበርን። አንደኛው ጋሽ ዓምዴ፣ የድሮ የባቡር ነጂ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከዘራቸው ከእሳቸው በፊት የምትናገር ሽማግሌ። ሁለተኛው እኔ። ሦስተኛው የሰፈራችን ሰው ነበሩ፣ ኋላ ታመሙና ቀሩ። አቶ ጥሩነህ ቆመን እንድናወራ አደረጉን፣ ወጉም እንደዚያ ነው። ለምነን ስንጨርስ እንዲህ አሉን፦

«ልጁ ደመወዙ ስንት ነው ብዬ አልጠይቅም። አባቱ መኪናውን እንዴት እንደያዘ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ዕቃውን እንዲህ የያዘ ሰው ቤት ልጄ ብትገባ አትጎሳቆልም። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እሑድ ሦስት ሰዓት፣ በዚያችው መኪና ከደጄ ድረስ ኑ። መልሴን ያን ጊዜ እሰጣለሁ። አደራ፣ ሰዓት! ከናንተ በፊት የመጡትን በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው የመለስኳቸው።»

አሥራ አንድ ደቂቃ! እውነታቸውን ነበር፣ ሰዎቹንም አውቃቸዋለሁ። ልጃቸው እስካሁን አላገባም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ግን የእትዬ ዘነቡ ወንድም እንግዳወርቅ፣ በታመሙት ሽማግሌ ፋንታ ሊቆም ከአዲስ አበባ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ አትሳሳቱ። ችግሩ ደግነቱ ትዕግሥት የለውም። ዲኤክሷን ሲያይ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ፒክአፕ አስከትሎ እኔ ደጅ ድረስ አስነድቷት መጣ።

«በዚህች ጣሳ ነው የሰው ልጅ የምትጠይቁት?» አለ።

«ጣሳ ያልካት መኪና አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም» አለ ጋሽ ልሳኑ።

«አለመጣሏን ማን ያይልሃል? መታየት ነው ቁም ነገሩ። ሴት ልጁን የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎማ ነው።»

«ማን አለ?»

«አዲስ አበባ ሁሉም ይላል።»

ይህን ብሎ ከመጣበት ፒክአፕ ላይ አራት ጎማ አወረደ። ከተጋጨች የራሱ መኪና የተረፉ ናቸው። ወይ ጎማ! ሰፊ፣ ጥቁር፣ የብረት ቸርኬው እንደ መስታወት የሚያበራ። በላዩ ላይ ደግሞ የከባድ መኪና ጡሩንባ ጨመረበት። «ስጦታዬ ነው» አለ።

«ፋብሪካው ያልሰጣትን እኔ አልሰጣትም» አለ ጋሽ ልሳኑ።

እንግዳወርቅ ቀዝቀዝ ብሎ መጣበት። «ልሳኑ፣ እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በወግ በማዕረግ ያለችህ በዚህ ጎማ ነው? ልጇ ባባቱ መኪና ሲሳቅበት ብታይ ምን ትል ነበር?»

ጋሽ ልሳኑ መኪናዋን አየ፣ ሰፊዎቹን ጎማዎች አየ፣ መሬት መሬት አየ። ኋላ ሲነግረኝ «እኔ ማፈሩን አልፈራሁም፤ ልጄ በኔ እንዳያፍር ፈራሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ግን ያለው «ግጠማቸው» ብቻ ነበር።

እኔም አልቀረሁም፣ አስጠነቀቅሁ። «ጋሽ ልሳኑ፣ ይሄ ጎማ ለሷ ይሰፋል። ሲዞር ፓራፋንጎውን ይነካል» አልኩ። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ ነው። እንግዳወርቅ «ባትላሜራ ቀጥቅጦ ያሰፋዋል፣ የምን ማስፈራራት ነው!» አለኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ያለ ጎማ በእጄ ነክቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ገጠምኩ።

የድሮዎቹን አራት ጎማዎች እንግዳወርቅ በሰው ንብረት ቸር ሆኖ አደላቸው። ሁለቱ ደጄ ላይ ለደንበኛ መቀመጫ ሆኑ። ሁለቱን ደግሞ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልሰው አደም ወሰዳቸው፤ የእንጨት ጎማው ተሰንጥቆበት ነበር። «ከነቀይ ነጥባቸው!» ብሎ መርቆን ሄደ።

ቅዳሜ ባትላሜራው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ማለቴ ነው፣ መዶሻውን ይዞ መጣ። የቀኙን ፓራፋንጎ እስከ ቀትር ቀጥቅጦ አሰፋው። ግራውን ሊጀምር መዶሻውን ሲያነሳ ሰው እየሮጠ መጣና የአክስቱ ባል ማረፋቸውን ነገረው። መዶሻውን ጥሎ ሄደ። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ደግሞ ግራውን ጨርሰህ ሂድ አይባልም። እንግዳወርቅ «ሰኞ ይጨርሰዋል፣ እስከዚያ ቀስ ብሎ መዞር ነው» አለ። ከደጄ የሚወጣው ወደ ቀኝ ስለነበር ወደ ቀኝ ሞከርናት። ሰተት ብላ ዞረች። ጡሩንባውን ያገናኘሁበት ሽቦ ብቻ መሪው ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ይነካካና ራሱ ይጮኻል። «ድምቀት ነው» አለ እንግዳወርቅ።

እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። የልጁ አባት ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም፣ ይታወቃል። ጋሽ ልሳኑ ግን መሪዋን ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም፤ «እኔ ሹፌር ነኝ፣ አባት ደጅ ድረስ ብቻ ነው» ብሎ ነዳ። ጋሽ ዓምዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እኔና እንግዳወርቅ ከኋላ። ጋሽ ዓምዴ ስንወጣ «ቀኝ አውለን» ብለው መረቁ። እኛም አሜን አልን። ምነው አሜን ባንል ኖሮ!

ከጋሽ ልሳኑ ቤት እስከ አቶ ጥሩነህ ሰፈር መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሊያልቅ ሲል በግራ በኩል ጠባብ ቅያስ አለች። ቅያሷ ውስጥ አርባ እርምጃ ገባ ብሎ የአቶ ጥሩነህ በር ነው። በቀኝ በኩል፣ ልክ ከቅያሷ ፊት ለፊት፣ ረጅም የትምህርት ቤት አጥር አለ። ደረስን። አቶ ጥሩነህ ሙሉ ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ይታዩናል። ጋሽ ልሳኑ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ክርርርርር!

መኪናዋ ቀጥ አለች። የግራው ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ተናንቆ መሪው አልንቀሳቀስ አለ።

«ምነው ቆምን?» አሉ ጋሽ ዓምዴ።

«ግራ እምቢ አለች» አለ ጋሽ ልሳኑ፣ ላቡ እየወረደ።

«ቀኝስ?»

«ቀኝ ትዞራለች።»

«እንግዲያስ ቀኝ ናዋ! ቀኝ አውለን ብለን አይደል የወጣነው? ተሰምቶልናል።»

እኔ «ጋሽ ዓምዴ፣ አርባ እርምጃ ናት፤ ወርደን በእግራችን እንግባ» አልኩ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱና ዞረው አፈጠጡብኝ።

«ለጋብቻ የወጣ ሽማግሌ መንገድ ላይ አይወርድም! የኔው የወንድሜ ልጅ ሽማግሌዎች ጎማ ፈንድቶባቸው ወረዱ። ሙሽሪት በወሩ ወደ አባቷ ቤት ወረደች። ትስማለህ?»

«በኋላ ማርሽ ላስገባት?» አለ ጋሽ ልሳኑ።

«ቂጣችንን አስቀድመን ነው የሰው ልጅ የምንጠይቀው? ንዳ!»

ነዳ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ወደ ቀኝ፣ ጡሩንባው ፓፓፓፓ! እንደገና ወደ ቀኝ፣ ፓፓፓፓ! የትምህርት ቤቱን አጥር ዙሪያውን ዞረን እዚያው ቅያስ አፍ ላይ ተመለስን። ቅያሷም እንደ ቅድሟ በግራ በኩል ናት። ሌላ መግቢያ የለም። አቶ ጥሩነህ በራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልን። እኛም በመስኮት ጎንበስ አልን። እና አለፍን።

በሁለተኛው ዙር እንደገና ጎንበስ አሉ፣ ግን ትንሽ ብቻ። በሦስተኛው የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። ባለቤታቸውም ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«እዩት፣ ጎማውን እያየ ነው» አለ እንግዳወርቅ።

«ሰዓቱን ነው እያየ ያለው፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት። ከዚያ ቀን በፊት ሽማግሌ ሆኜ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

አራተኛው ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ያጌጠች መኪና፣ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የማያቋርጥ ጡሩንባ፣ ባንድ ቦታ መዞር… ሰው ምን ይበል? ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ተነሳችና «እልልልል!» አለች። አጠገቧ ያሉትም ተቀበሏት። ባጃጆች የሠርግ አጀብ መስሏቸው ከኋላችን ተሰለፉና ጡሩንባቸውን ይነፉ ጀመር። በአምስተኛው ዙር አሥራ አራት ባጃጅ ይከተለን ነበር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? አንዱ ሹፌር እንዲያውም ጎናችን መጥቶ «ሙሽራዋ የታለች?» ብሎ ጠየቀን።

«ገና ልንጠይቃት ነው» አልኩት።

«አቦ! እንዲህ ነው እንጂ በራስ መተማመን!» ብሎኝ ጡሩንባውን ነፋ።

በዚህን ጊዜ አቶ ጥሩነህ ቅያሷ አፍ ድረስ ወጥተው ጠበቁን። ፊታቸው ደም መስሏል።

«ልጄን ሳልሰጥ ሠርግ ታዞሩብኛላችሁ?» ብለው ጮኹ። «ሰፈሩ ሁሉ ሶስና ተዳረች እያለ ነው! ስድስት ደቂቃ ቀርቷችኋል። ሦስት ሰዓት ሲሆን በሬን እዘጋለሁ፤ ከተዘጋ ደግሞ ለናንተ አይከፈትም!»

ሊመልስላቸው የፈለገ ነበር፤ ግን የባጃጆቹ ጡሩንባ አያሰማም። ተመልሰው ሄዱ።

ጋሽ ልሳኑ አንዴ ዞረና ቅያሷ አጠገብ ሲደርስ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። መሪው ላይ ተደፋ። «ዘነቡን ምን እላታለሁ?» አለ። «ሃያ ዓመት ያልነካኋትን መኪና ልጄን ልድርባት ስል ነካሁ። በገዛ እጄ! ልጄን ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው?» ትልቅ ሰው ነው፤ እንባው ሲወርድ አየሁት። እኔ ብሎኑን ያጠበቁትን እጆቼን ብብቴ ውስጥ ደበቅኳቸው።

በዚህ መሃል የአህያ ጋሪ እየተንቋቋ መጣ። አደም ነው። ለአቶ ጥሩነህ እንግዶች ውሃ በጀሪካን ጭኗል። ባጃጆቹን በጎን አልፎ፣ ዲኤክሷን በጎን አልፎ፣ እኛንም ሰላም ብሎ፣ አህያዋን «ቸ!» አላት። አህያዋ ወደ ግራ ዞረች። ጋሪውም ወደ ግራ ዞረ። ሰተት ብሎ ቅያሷ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ልሳኑ ቀና አለ። የጋሪው ብሎኖች ላይ ያለውን ቀይ ነጥብ አየ።

«የኔ ጎማ!» አለ። «የኔ ጎማ ግራ ዞረ!»

«አደም! ቁም!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆመ። ሁላችንም ጋሽ ዓምዴን አየናቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው አሰቡ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶናል፣ እሳቸው ያስባሉ።

«ልሳኑ፣ ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ በየትኛው ጎማ ነበረች?»

«በእነዚያ፣ ጋሪው ላይ ባሉት።»

«እንግዲያስ ከዲኤክስ ወደ ዲኤክስ ነው የምንሄደው። ይሄ መውረድ አይባልም፣ መሸጋሸግ ነው። ደግፉኝ!»

ደገፍናቸው። ጋሽ ዓምዴ ከፊት ጀሪካን ላይ ተቀመጡ፣ እንግዳወርቅ በሙሉ ልብሱ መሃል ላይ፣ እኔ ከኋላ ክዳኑ በማይገጥም ጀሪካን ላይ። አደም «አህያዋ ሦስት ሽማግሌ ባንዴ አልለመደችም» አለ እንጂ አልከለከለንም። ጋሽ ልሳኑ ከጋሪው ኋላ በእግሩ ተከተለን። ሲወርድ መሪውን ወደ ቀኝ እንደዞረ ትቶት ኖሮ፣ ጡሩንባው ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ባጃጆቹ ይመልሳሉ።

አቶ ጥሩነህ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው ሳለ ጋሪው ደጃቸው ላይ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ቤት ውስጥ ያሉት የግድግዳ ሰዓቶች በሙሉ ይደውሉ ጀመር። ሦስት ሰዓት።

ወርደን እንደ ወጉ ቆምን። ጋሽ ዓምዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንደምን አደራችሁ፣ በቀጠሯችን መሠረት…» ሲሉ ጡሩንባው ዋጣቸው። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ዋጣቸው። በመጨረሻ ባትሪው እየደከመ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ፍየል አንዴ «ሜ» አለና ዝም አለ። ሰፈሩም ዝም አለ።

«አሁን ንገሩኝ» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ምን ሆናችሁ ነው?»

ነገርናቸው። ጎማውን፣ ባትላሜራውን፣ ለቅሶውን፣ ቀኙን ሁሉ። ሳይስቁ ሰሙ። ከዚያ ለሙሉ ልብሳቸው ሳይሳሱ ተንበርክከው የጋሪውን ጎማ አዩ። ቀዩን ነጥብ በጣታቸው ነኩት።

«እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ሃያ ዓመት በሱቄ ፊት አልፈዋል። አቶ ልሳኑ፣ እኔ ወደ እርስዎ ቤት ልጄን ልሰጥ ያሰብኩት መኪና ስላለዎት አልነበረም። መኪና ያለው ሞልቷል። ያለዎትን ሳይሰለቹ ስለያዙት ነበር። እኔ ልጄ እንዳትሰለች ነው የምፈራው።»

ጋሽ ልሳኑ አንገቱን ደፋ።

«እነዚህ ጎማዎች በሰዓታቸው ደርሰዋል፤ ቃሌን አላፈርስም» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ግን ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያቺ መኪና በእነዚሁ ጎማዎች ወደ ግራ ዞራ ደጄ ላይ ትቁም። ከቆመች ሶስና የልጅዎ ናት። ካልቆመች ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።»

ሁላችንም ወደ አደም ዞርን። የሶስናና የያፌት ነገር፣ የእትዬ ዘነቡ አደራ፣ የኛም ሽምግልና፣ ሁሉም አንድ ጋሪ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ለነገሩ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ዲኤክሷ ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ግራ ዞራ ገባች። ሁለቱን ከጋሪው፣ ሁለቱን ከደጄ አምጥቼ በነዚሁ እጆቼ ገጠምኩ፤ እንደዚያ ቀን በፍጥነት ብሎን አጥብቄ አላውቅም። ጡሩንባውን ነቅዬ ጣልኩት፣ የደከመውን ባትሪም አስሞላሁ። ሠርጉም ጥር ላይ ሆነ፣ ጋሽ ልሳኑም በደስታ አለቀሰ። ሰፊዎቹ ጎማዎች እስከዛሬ ደጄ ላይ ናቸው፤ አሁን የተቀመጣችሁባቸው እነሱ ናቸው። ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት አደም ያላትን አባባል ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት።

እንግዳወርቅ ቀድሞ ዘሎ ገባ። «አደም ወንድሜ፣ እነዚህን መልስልንና በምትካቸው ሰፊዎቹን ውሰድ! ስጦታዬ ነው። ጋሪህ ከተማውን ያስንቃል!»

አደም መጀመሪያ ወደ ጋሽ ልሳኑ ዞሮ «አብሽር፣ አይዞህ ጋሽ ልሳኑ፣ ጎማህን ውሰድ። የእንጨት ጎማዎቼን አልጣልኳቸውም፣ አጣብቃቸዋለሁ» አለው። ከዚያ የጀሪካኖቹን ገመድ እየፈታ ወደ ቅያሷ አፍ አየ። ሰማያዊዋ ዲኤክስ ሰፊ ጎማዋን ታቅፋ መንገዱን ዘግታለች፤ ከኋላዋ አሥራ አራት ባጃጅ ተቆልፏል፤ ሽንኩርት ሻጯ ከነዘንቢሏ መሃል ላይ ቆማለች፤ ለአህያ እንኳ መውጫ የለም። እንግዳወርቅን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ ተወኝ!» አለው። «እኔና አህያዬ በጠባቡ ጎማ ድሬን ሙሉ ስንዞር ነው የኖርነው፤ እናንተ ግን ይኸው፣ ጎማ ሲያሰፉ መንገድ ጠበበ።»